ለ38 ጫማ የሸራ ጀልባ ቋሚ የማሪና ቦታ፦ ከርዝመቱ ሌላ ምን ይታያል?

ነፋስ_ጠባቂ፦
ሰላም ለሁላችሁ። እኔና ባለቤቴ 38 ጫማ የሸራ ጀልባ አለችን፣ እስካሁን አንዴ መልህቅ ጥለን አንዴ በእንግዳ ቦታ እየታሰርን ነው የቆየነው፣ አሁን ግን ለዓመት የምንዋዋልበት ቋሚ ቦታ እየፈለግን ነው። ወረቀቷ ላይ 11.6 ሜትር ርዝመት 3.8 ሜትር ስፋት ይላል፣ ኪሏ (ከሆዷ ስር የወጣው ከባዱ ክንፍ) ደሞ ውሃ ውስጥ 1.9 ሜትር ትወርዳለች። ቅዳሜና እሁድ እንወጣባታለን፣ ሲመቸን ረዘም ያለ ጉዞም አለ፣ በመሀል በመሀል ደሞ ሳንወጣ እዛው እናድርባታለን።

አንድ ማሪና (የጀልባ ማቆሚያ ወደብ) ሁለት ክፍት ቦታ አለኝ አለን። አንዱ ወደ ውስጥ ጥግ ላይ ነው፣ ከሞገድ መከላከያው ግንብ ጀርባ ስለሆነ ጸጥ ያለ ነው ግን መተላለፊያው ጠባብ ሆኖ ወደ ቦታው ለመግባት ሙሉ 90 ዲግሪ መታጠፍ አለብህ። ሁለተኛው የፖንቶኑ (ጀልባ የሚታሰርበት ተንሳፋፊ መድረክ) ጫፍ ላይ በጎን የሚታሰርበት ነው፣ መግባትም መውጣትም ቀላል፣ ግን ጀልባ ሁሉ በሚያልፍበት መስመር ፊት ለፊት ነው። ሁለቱም የ12 ሜትር ቦታ ተብለው ነው የተመዘገቡት። ባለቤቴ የውስጡን ወዳለች እኔ የጫፉን። ሰውየው ደሞ ሌላ ፈላጊ አለ ቶሎ ወስኑ እያለ ነው። እናንተ ብትሆኑ ምን ምን ታያላችሁ?

ኪል_ረዥሙ፦
ወንድሜ መጀመሪያ ያቺን 11.6 እርሳት። እሷ የቀፎው ርዝመት ናት። ብዙ ማሪና የሚለካው ከጫፍ እስከ ጫፍ ነው፣ ፊት ላይ የወጣው መልህቅ፣ ኋላ ላይ የተንጠለጠለችው ትንሿ ጀልባ ከነማንጠልጠያዋ፣ መሰላሉ፣ ሁሉም ይቆጠራል። አንተ 11.6 ብለህ ተዋውለህ እነሱ መጥተው ሜትር ሲዘረጉ 13 ሊጠጋ ይችላል፣ ያኔ ወይ ሂሳቡ ይጨምራል ወይ ቦታው አይሆንህም። ስለዚ ሰው ሳይለካልህ ራስህ ለካ። ሂሳቡም በጀልባዋ ርዝመት ነው ወይስ በቦታው ርዝመት የሚለውን ጠይቅ፣ ብዙ ጊዜ ከሁለቱ የሚበልጠውን ነው የሚይዙት።

ዋናው ግን ጥልቀት ነው። ስንት ሜትር ነው ስትል 2.5 ይሉሃል። እሺ መቼ? ውሃው ሲሞላ ነው ሲጎድል? ከየት ተነስቶ ነው የተለካው? የባሕር ካርታ ላይ ያለው ቁጥር የሚነሳበት መነሻ ከአገር አገር ይለያያል፣ አንዳንዱ ውሃው በስሌት ሊወርድ ከሚችለው የመጨረሻ ዝቅታ ይነሳል አንዳንዱ ደሞ ከዝቅታዎች አማካይ ይነሳል፣ አማካይ ከሆነ ደሞ ከዛ በታች የሚወርድበት ቀን አለ ማለት ነው። በዛ ላይ የአየር ግፊት አለ። ግፊቱ ከተለመደው 1013 በአንድ ሄክቶፓስካል ሲጨምር ባሕሩ በግምት አንድ ሴንቲሜትር ዝቅ ይላል፣ 1040 ደርሶ ሲሰነብት ሩብ ሜትር ገደማ ሄደብህ ማለት ነው፣ ነፋሱ ደሞ ከየብስ ወደ ባሕር እየነፈሰ ውሃውን ከገፋው ይብሳል።

የውስጡ ጥግ ላይ አንድ ሌላ ስጋት አለኝ። ውሃ የማይዘዋወርበት ቦታ ደለል ይሰበስባል፣ የተንሳፈፈ ቆሻሻም እዛ ነው የሚከማች። ለመጨረሻ ጊዜ መቼ ነው የተቆፈረው በል። መልሱ ቅርብ ጊዜ ነው ከሆነ ወረቀቱን አሳዩኝ በል። ወረቀት ቢኖርም ባይኖርም ገመድ ጫፍ ላይ ክብደት ያለው ነገር አስረህ ራስህ ለካው፣ ቦታው ላይ ብቻ ሳይሆን መተላለፊያውንም መግቢያውንም። ጨረቃ አዲስ ስትሆን ወይም ሙሉ ስትሆን፣ ከዛ በኋላ ባሉት አንድ ሁለት ቀናት ውሃው በጣም ይጎድላል፣ በዝቅታው ሰዓት ሂድ። ታቹ ለስላሳ ጭቃ ከሆነ ኪሏ ትንሽ ብትነካም ብዙ አያስጨንቅም፣ ድንጋይ ከሆነ ግን እዛ ቦታ አትጠጋ።

ጋሽ_መልህቅ፦
ልጄ፣ ሁለታችሁም ልክ ናችሁ ግን ሚስትህ የበለጠ ልክ ናት። ለምን መሰለህ፣ ጀልባ ከምትሄድበት ጊዜ ይልቅ ታስራ የምትቆምበት ይበዛል፣ ያውም አንተ በሌለህበት። መግባት መውጣቱ የደቂቃ ነገር ነው። ጫፉ ላይ ከሆነ ያለፈ ሞተር ጀልባ ሁሉ በሞገዱ ከፖንቶኑ ጋር ሲያላትምህ ይውላል፣ ገመዱ ይበላል፣ ፌንደሩ (በጎን የሚንጠለጠለው የግጭት መከላከያ) ይፈነዳል፣ ሌሊት እንቅልፍ የለም። ምሳሌ ፈልገህ ከሆነ እዛ ታስረው ያሉትን ጀልባዎች ገመድ እይ። ገመዱ ብረቱን በሚነካበት ቦታ ተልጎ ጸጉር አውጥቶ ከሆነ፣ ወይ ሰው ሁሉ የውሃ ጎማ አልብሶት ከሆነ፣ ማሪናው ውስጥ ንውጽውጽታ አለ ማለት ነው፣ ኃላፊው ምንም ቢልህ።

ደሞ በጥሩ ቀን አይተህ አትፈርም። የሚከፋው ነፋስ ከየት እንደሚመጣ ጠይቅና በዛ ነፋስ ቀን ሂድ። ሞገዱ በመግቢያው በኩል ቀጥ ብሎ ገብቶ ግንቡን መትቶ የሚመለስበት ማሪና አለ፣ ከውጭ ስታየው ግንብ የተከለለ ይመስልሃል ውስጡ ግን ይፈላል። መግቢያውንም አስብ፣ ማዕበል ሸሽተህ ስትመጣ የምትገባበት በር ነውና፣ ፊት ለፊቱ አሸዋ ተከምሮ ሞገድ የሚሰበርበት ከሆነ በክፉ ቀን አትገባም ውጭ ነው የምትቀር።

ስለ 90 ዲግሪው ደሞ ልንገርህ። ፕሮፔለርህ ወደ የትኛው ነው የሚዞረው? ወደፊት ስትሄድ ከኋላ ሆነህ ስታየው ወደ ቀኝ የሚዞር ከሆነ (አብዛኛው እንደሱ ነው) የኋላ ማርሽ ስታስገባ ኋላዋን ወደ ግራ ይጎትታታል። ይሄን ካወክ ረዳትህ ነው ካላወክ ጠላትህ። አፍንጫዋን አስቀድመህ ገብተህ ፖንቶኑ በግራ በኩል ከሆነ ለማቆም የኋላ ማርሽ ስትሰጣት ራሷ ኋላዋን ወደ ፖንቶኑ ትለጥፍልሃለች። በቀኝ ከሆነ ታሸሽብሃለች። ስለዚ ቦታው ግራ ነው ቀኝ የሚለው ለሌላ ሰው ምንም ላይሆን ይችላል ለአንተ ግን ትልቅ ነገር ነው። የመተላለፊያው ስፋት ከጀልባህ ርዝመት አንድ ተኩል እጥፍ ካነሰ ነፋስ ባለበት ቀን ትቸገራለህ።

ነፋስ_ጠባቂ፦
ጋሼ በጣም አመሰግናለሁ እድሜ ይስጥልኝ። ባለቤቴ ያሉትን አንብባ እየሳቀችብኝ ነው። የውስጡ ፖንቶን በግራ በኩል ነው የሚሆነው፣ ፕሮፔለሩም እርስዎ እንዳሉት ቀኝ ዞሪ ነው። ግን ከጎረቤት ጋር የሚጋሩት ቦታ ነው፣ መሀል ላይ ምሰሶ የለም፣ ሁለት ጀልባ በአንድ ክፍት ውስጥ። ይሄስ እንዴት ነው?

የፖንቶን_ጎረቤት፦
እኔ እንደዛ ነው ያለሁት። ጎረቤትህ ጥሩ ሰው ከሆነ ችግር የለም፣ ካልሆነ ደሞ… ለማንኛውም የሁለታችሁን ስፋት ደምር፣ በየጎኑ የፌንደር ጨምር፣ ከዛ ከክፍቱ ስፋት ቀንስ፣ ምን ተረፈ? ጎረቤቱ ሰፊ ሞተር ጀልባ ከሆነ ባዶ ቦታውን እሱ ነው የሚወስደው። የሸራ ጀልባ ከሆነ ደሞ ሁለቱ የሸራ ምሰሶ ጎን ለጎን እንዳይገጥሙ አድርጉ፣ ሞገድ መጥቶ ሁለቱም ሲወዛወዙ ላይ ያሉት ክንዶች ይጋጫሉ። አንዱ በአፍንጫ አንዱ በኋላ ቢገባ ብዙ ጊዜ ይፈታል።

ሌላ ሰው የማያየው ነገር ደሞ በጎን ያለችው መረማመጃ ርዝመት ናት። የጀልባዋ ግማሽ ድረስ ብቻ የምትደርስ አጭር ከሆነች ፊት ለፊት ያለውን ገመድ የምታስርበት የለህም፣ ከመሀል ነው የምትወርድ የምትወጣው፣ ጎን ለጎን ነፋስ ሲመጣ ጀልባዋ መረማመጃዋ ጫፍ ላይ ተንጠልጥላ ትዞራለች። ወጣ በልበት እስቲ፣ ጫፉ ላይ ስትቆም የሚሰምጥ የሚወዛወዝ ከሆነ ደካማ ነው። የገመድ ማሰሪያ ብረቶቹን በእግርህ ገፋ ገፋ አርጋቸው፣ የሚነቃነቅ ካለ ብሎኑ ተበልቷል።

እና እዛው የምታድሩ ከሆነ አፍንጫዋ ወደ ዋናው ነፋስ ብታይ ይሻላል፣ ዝናቡ ወደ በሩ አይገባም በሙቀት ጊዜ ደሞ ከፊት ያለውን መስኮት ከፍታችሁ አየር ታገኛላችሁ። ኋላዋ ወደ ነፋስ ከሆነ ኮክፒት (ኋላ ያለው ክፍት መቀመጫ) ላይ ቁጭ ብሎ ቡና መጠጣትም ችግር ነው።

ሽቦና_ፊውዝ፦
ስለ መብራት ማንም አላነሳም እንዴ። ሶኬቱ ስንት አምፔር ነው? 16 አምፔር በ230 ቮልት ከሆነ 3.7 ኪሎዋት ገደማ ነው፣ 32 ከሆነ የሱ እጥፍ። 30 አምፔር በ120 ቮልት ደሞ 3.6 ነው። ውሃ ማሞቂያና የክፍል ማሞቂያ አንድ ላይ ከሰካህ ትንሹ ላይ ብሬከሩ ይወርዳል፣ እዛ ታድራላችሁና አስቡበት። ሶኬቱ ውስጥ የጠቆረ የቀለጠ ነገር ካየህ እንዳትሰካ፣ የላላ ሶኬት ነው ጀልባ የሚያቃጥለው።

ትልቁ ነገር ግን የማይታየው ነው። መብራት ስትሰካ በግራውንድ ሽቦው በኩል ከጎረቤቶችህ ሁሉ ጋር ተገናኘህ ማለት ነው፣ ሁላችሁም አንድ ውሃ ውስጥ ያላችሁ ብረቶች ሆናችሁ፣ እንደ ባትሪ። አንዱ ጎረቤት ዚንኩን (ሌላው ብረት እንዳይበላ ራሱ የሚበላውን ቁራጭ) ካልቀየረ የአንተ ዚንክ የሱንም ብረት እየጠበቀ ያልቃል፣ ዚንኩ ሲያልቅ ደሞ ተራው የፕሮፔለርህ ነው። ጋልቫኒክ አይሶሌተር የምትባል እቃ ግራውንዱ ላይ ግጠም፣ ትንሿን ቮልት ትዘጋለች አደጋ ሲመጣ ግን ግራውንዱ እንዳለ ይሠራል። ግራውንድ ሽቦውን ቆርጦ ችግሩን ፈታሁት የሚል ሰው አይጠፋም፣ እሱን አትስሙት ሰው ይገላል።

እግረ መንገዴን፣ ማሪና ውስጥ አትዋኙ፣ ልጆችም አታስዋኙ። የአንዱ ጀልባ ሽቦ ውሃ ውስጥ መብራት እያፈሰሰ ሊሆን ይችላል፣ በተለይ ጨው አልባ ውሃ ላይ አደገኛ ነው ምክንያቱም ከውሃው ይልቅ የሰው ሰውነት መብራት ያሳልፋል። ሰውነት ይደነዝዛል ሰውየው ዝም ብሎ ይሰምጣል፣ ለማዳን የሚዘልም አብሮ ይሄዳል። ፍሳሹን ሲያገኝ የሚዘጋ መከላከያ በየሶኬቱ አለ ወይ ብለህ ጠይቅ።

ባለ_ሁለት_ቀፎዋ፦
እኔ ካታማራን ስላለኝ ወድጄ ሳይሆን ተገድጄ ጫፍ ላይ ነኝ፣ ስፋቷ ሌላ ቦታ አይገባም። ጋሼ ያሉት እውነት ነው ሞገዱ አለ፣ ግን እንደ ማሪናው ነው፣ ፍጥነት የሚቆጣጠር ሰው ያለበት ቦታ ላይ ያን ያህል አይደለም። ጫፉ ላይ ያለው ሌላ ችግር ነው የሚያናድደኝ፣ ትልቅ ጀልባ ሲመጣ ለጥቂት ቀን ተነሱልን ይሉሻል፣ ውሉ ላይ በፈለግን ጊዜ ቦታ መቀየር እንችላለን የሚል መስመር አለ። የናንተም ላይ ይኖራል፣ ፈልጉት።

ውሉን ካነሳን አይቀር፣ እዛ ማደር ይፈቀዳል ወይ? በሳምንት ስንት ሌሊት ድረስ የሚል ገደብ የሚያስቀምጡ አሉ። ማዕበል ሲመጣ ጀልባዋን አውጡ ይላሉ ወይስ እዛው ትቆያለች? አውጡ ካሉ የት ትወስዷታላችሁ? ኢንሹራንሳችሁስ ስለዛ ምን ይላል፣ ሁለቱ ወረቀቶች የማይስማሙ ከሆነ መሀል ላይ የምትቀሩት እናንተ ናችሁ። ጀልባዋን ብትሸጧት ቦታው ለገዢው ያልፋል ወይስ ይቀራል? ራሳችሁ ጥገና መሥራት ትችላላችሁ ወይስ የነሱን ሠራተኛ ብቻ ነው? ቀብድ የሚመለሰውስ በስንት ቀን ማስጠንቀቂያ ነው? እነዚህን በቃል ከመለሱላችሁ በጽሑፍ አድርጉልን በሉ። ሌላ ፈላጊ አለ ቶሎ በሉ የሚለው ነገር ደሞ እኔንም ብለውኝ ያውቃሉ፣ መጀመሪያ በወር ልክራይና እንየው በሉት።

ነፋስ_ጠባቂ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ አንድ ጥያቄ ጠይቄ ሙሉ ትምህርት ቤት ነው ያገኘሁት። ሄደን ለካን። ጀልባዋ ከመልህቋ እስከ ማንጠልጠያው 12.9 ሜትር ሆነች። ሰውየው በውስጡ ቦታ ላይ ኋላዋ ትንሽ ብትወጣ ችግር የለም አለ፣ ጠባቡ መተላለፊያ ላይ ግን እንዴት ችግር የለም ይላል? የውስጡን በገመድ ስንለካው ዝቅታው ላይ 2.1 ነው ያገኘነው፣ ጨረቃዋ ግማሽ ናት ደሞ፣ ማለት ውሃው በጣም በሚጎድልበት ሳምንት አልነበረም። ታቹ ጭቃ ነው። ጫፉ ጋ ከ3 በላይ አለ ግን ጋሼ እንዳሉት የታሰሩትን ገመዶች አየናቸው፣ ሁለቱ በውሃ ጎማ ተጠቅልለዋል አንዱ ተልጓል።

ኪል_ረዥሙ፦
በግማሽ ጨረቃ 2.1 ካለ በሙሉ ጨረቃ ትቀመጣለህ። ጭቃ ስለሆነ ጀልባዋ ምንም አትሆንም ግን በዛ ሰዓት መውጣት የለም፣ የሞተሩ የውሃ መሳቢያም ጭቃ ይስባል። ማንጠልጠያው ላይ ያለችውን ትንሿን ጀልባ አንስተህ ፊት ላይ ብትጭናት ርዝመቱ ይስተካከላል፣ ጥልቀቱ ግን አይስተካከልም።

ጋሽ_መልህቅ፦
ሦስተኛ ቦታ ጠይቃቸው። ከጫፉ ሁለት ሦስት ቦታ ወደ ውስጥ ያለው ጥልቀቱ ብዙም አይለይም፣ ጫፍ ላይ ያለው ጀልባ ደሞ ሞገዱን ይቀበልልሃል። ዛሬ ባይኖር ስምህን አስመዝግብ፣ እስከዛ ጫፉን በወር ያዝ፣ የገመድ ጎማ ግዛ።

ነፋስ_ጠባቂ፦
ጠየቅናቸው ጋሼ፣ ከጫፉ ሦስተኛው ላይ ያለው ሰው ጀልባውን ለሽያጭ አውጥቷል አሉን። ቦታው ለገዢው አያልፍም፣ ውሉ ላይ አይተነዋል። ተራ ያዝን፣ ጫፉን በወር ወሰድነው። ሽቦና_ፊውዝ፣ ያቺ አይሶሌተር ስንት አምፔር የምትችል ልግዛ፣ ሶኬቱ 32 ነው?

ሽቦና_ፊውዝ፦
ከሶኬቱ እንዳታንስ፣ 32 ወይ ከዛ በላይ። ግራውንድ ሽቦው ከሶኬቱ ገብቶ መጀመሪያ እሷን እንዲያገኝ ነው የምትገጠመው፣ ከዛ ብሬከሮቹ ጋ ይሄዳል። ብትበላሽም ግራውንዱን የማትቆርጥ ዓይነት መሆኗን እቃው ላይ አንብብ።