ኤሴይ ከኮሌጅ መግቢያ መስፈርት ይውጣ ወይስ ይቆይ?

ጠያቂ፦ ተማሪ መርጠው የሚቀበሉ የአሜሪካ ኮሌጆች ውጤትና ፈተና አይበቃቸውም፤ ስለ ራስህም ጻፍ ይላሉ። ብዙዎቹ በሚጠቀሙበት ኮመን አፕ በተባለ የጋራ ማመልከቻ ላይ ዋናው ኤሴይ፣ ማለትም ስለ ራስ የሚጻፈው ድርሰት፣ ቢበዛ 650 ቃል ነው። በዚያ ላይ ኮሌጆቹ የየራሳቸውን ጥያቄ ይጨምራሉ። እኔ ይሄ ነገር ቢቀር ይሻላል ባይ ነኝ። ገንዘብ ያለው አማካሪ ይቀጥራል፣ የሌለው ብቻውን ይታገላል። አሁን ደግሞ ቻትጂፒቲ ስላለ ማን እንደጻፈው እንኳ አይታወቅም። እናንተስ?

ቁጥር ይናገር፦ እኔም ይቅር ባይ ነኝ። እ.ኤ.አ. በ2021 ሳይንስ አድቫንስስ በተባለ የሳይንስ መጽሔት ላይ አንድ ጥናት ወጥቶ ነበር። ወደ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ያመለከቱ 60,000 ተማሪዎች የጻፉትን መረመሩ። የኤሴዩ ይዘት ከቤተሰብ ገቢ ጋር ያለው ትስስር ኤስኤቲ የተባለው የኮሌጅ መግቢያ ፈተና ውጤት ከገቢ ጋር ካለው ትስስር በልጦ ተገኘ። ፈተናው ለሀብታም ያደላል እያልን ስንጮህ ኤሴዩ ብሶ ተገኘ ማለት ነው! ታሪኩም አያምርም። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ እነ ሃርቫርድ በፈተና ብቻ ሲቀበሉ የአይሁድ ተማሪዎች በዙብን አሉ። ከዚያ ነው የአመልካቹን ጠባይና የቤተሰቡን ሁኔታ መመዘን የጀመሩት። «ማን እንደሆንክ ንገረን» የሚለው ጥያቄ ለማስገባት ብቻ ሳይሆን ለማስቀረትም አገልግሏል።

የእንግሊዝኛ አስተማሪ፦ ወንድሜ፣ ጥናቱን አልክድም። ግን ከገቢ ጋር የማይያያዝ ምን አለ? ጥሩ ትምህርት ቤት፣ የፈተና ዝግጅት፣ ክለብ፣ ስፖርት፣ ሁሉም ገንዘብ ይጠይቃል። ኤሴይ ሲወጣ ክብደቱ ወደ እነዚህ ነው የሚሄደው። ተማሪው በራሱ አንደበት የሚናገርበት ቦታ ደግሞ ይሄ ብቻ ነው።

ጥሩ ኤሴይ የሀብታም ቃላት ስብስብ የሚመስለው ሰው ካለ አንድ ላሳየው። አንድ ተማሪዬ «ከልጅነቴ ጀምሮ ለሳይንስ ልዩ ፍቅር ነበረኝ» ብሎ ጀመረ። ይሄን ማንም ሊጽፈው ይችላል። «እስቲ በቅርቡ ምን ፈታህ?» አልኩት። የተበላሸ ሬዲዮ ፈትቶ ገጥሞ ነበር። ሬዲዮው ሠራ፣ ሁለት ብሎን ግን ተረፈው። ሌላ ሰው ቢሆን ሠርቷል ብሎ ይተወዋል። እሱ እንደገና ፈታው፣ ብሎኖቹ የት እንደነበሩ እስኪያገኝ። ኤሴዩን «ሬዲዮው ይናገራል፤ ሁለቱ ብሎኖች ግን አሁንም እጄ ላይ ናቸው» ብሎ ጀመረው። «ፍቅር» የሚለው ቃል አንዴም የለበትም። ለዚህ ገንዘብ አይከፈልም። የሚጠይቅ ሰው ነው የሚያስፈልገው።

ቁጥር ይናገር፦ የሚጠይቀው ሰው እርስዎ ነዎት እኮ! እርስዎን የመሰለ አስተማሪ የሌለው ልጅ ምን ይሁን?

አመልካች ነኝ፦ ይቅርታ ላቋርጣችሁ። እኔ አሁን እየጻፍኩ ነው። አንድ አማካሪ ያለኝን ልንገራችሁ፤ «መከራሽን ካላወጣሽ ማንም አያስታውስሽም» አለኝ። አባቴን በሞት አጥቻለሁ። ስለ እሱ መጻፍ አልፈልግም። የማላውቀው ሰው አንብቦ ነጥብ እንዲሰጥበት አልፈልግም። ይሄን ካልጻፍኩ እወድቃለሁ ማለት ነው?

የእንግሊዝኛ አስተማሪ፦ አትወድቂም የኔ ልጅ። እግዚአብሔር ያጽናሽ። አንባቢው የሚፈልገው እንዴት እንደምታስቢ ማየት ነው። ስለምትወጅው የሒሳብ ጥያቄ፣ ከጓደኛሽ ጋር ስለማትስማሙበት ሐሳብ ብትጽፊ ያንን ያገኘዋል። አባትሽን ማጣትሽ ውጤትሽን ዝቅ አድርጎት ከሆነ ሁኔታን በአጭሩ ማስረዳት የሚቻልበት ሌላ ቦታ ማመልከቻው ላይ አለ። እሱም ግዴታ አይደለም። ሁለት ዓረፍተ ነገር ይበቃል። ሐዘንሽ የራስሽ ነው፣ ለማንም አትሸጪውም።

ጠያቂ፦ እኔ የምለው ይሄንኑ ነው። ግፊቱን ማን አመጣው? እ.ኤ.አ. በ2023 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዘርን ለመግቢያ መመዘን ከለከለ። ዋና ዳኛው ሮበርትስ ግን አመልካቹ ዘሩ ሕይወቱን እንዴት እንደነካው ቢጽፍ ኮሌጁ ያንን ማየት ይችላል አሉ። ስለዚህ ያ ሁሉ ሸክም ኤሴዩ ላይ አረፈ። የ17 ዓመት ልጅ ቁስሉን በ650 ቃል አሳምሮ ካላቀረበ የቀረበት ይመስለዋል። ይሄ ጭካኔ ነው።

የእንግሊዝኛ አስተማሪ፦ ጭካኔው ላይ እስማማለሁ። መፍትሔው ግን ጥያቄውን መቀየር ነው። ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲን ተመልከት። 8 ጥያቄ ያቀርባል፣ ተማሪው 4 ይመርጣል፣ እያንዳንዱ እስከ 350 ቃል። ጥያቄዎቹ ቁርጥ ያሉ ናቸው። እንግሊዝም እ.ኤ.አ. በ2026 ለሚገቡ ተማሪዎች ረጅሙን ነጻ ጽሑፍ ትታ በ3 ጥያቄ ከፍላዋለች። ምን እንደሚጠየቅ ግልጽ ሲሆን አማካሪ የሌለው ልጅም አይደናገርም።

ቁጥር ይናገር፦ ጥናቱ የተሠራው እኮ እዚያው ካሊፎርኒያ ነው፣ መምህር። ጥያቄው ቁርጥ ስላለ ገቢ አልጠፋም። ቻትጂፒቲንም ዘለሉት። የአሜሪካው ዱክ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2024 ለኤሴይ በቁጥር ነጥብ መስጠቱን አቁሟል። ጽሑፉ የተማሪውን ችሎታ በትክክል ያሳያል ብሎ መተማመን ስላልቻለ ነው። ያነቡታል፣ ግን ነጥብ የለውም። እኔ ከዚህ በላይ አልሄድም፦ ይነበብ፣ አይመዘን።

አመልካች ነኝ፦ ነጥብ ከሌለው ግን እኛ ሌሊቱን ሙሉ የምንጽፈው ለምንድን ነው? ቢያንስ ምን ያህል እንደሚቆጠር ሁሉም ኮሌጅ በግልጽ ይንገረን። መምህር፣ ስለ ሒሳቡ ጥያቄ ልጀምር ነው። ረቂቁን ብልክልዎ ያዩልኛል?

የእንግሊዝኛ አስተማሪ፦ ላኪው። አላርምልሽም፣ ጥያቄ ብቻ ነው የምጽፍበት።