ለሀሪኬን (ከባሕር ለሚነሣ ኃይለኛ አውሎ ነፋስ) ዝግጅት ምክራችሁን እለምናለሁ

ከእናቴ ጋር የምኖረው አሜሪካ፣ ሂዩስተን ከተማ ውስጥ፣ በአንድ አፓርትመንት ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. ጁላይ 8 ቀን 2024 ቤሪል የተባለው ሀሪኬን ከተማችንን መትቶ በአካባቢው ከ2 ሚሊዮን በላይ የኤሌክትሪክ ደንበኞች መብራት ሲቋረጥባቸው፣ እኛም በዚያ ሙቀት አምስት ቀን ያለ መብራት ቆይተናል። እናቴ የስኳር ሕመምተኛ ናቸው፤ በሁለተኛው ቀን የበረዶ ሣጥኑን ስከፍት በረዶው ሁሉ ቀልጦ የኢንሱሊናቸው ብልቃጥ ውሃው ላይ ሲንሳፈፍ ያየሁበት ድንጋጤ እስካሁን አልለቀቀኝም።

ዘንድሮ ለእያንዳንዳችን በቀን 1 ጋሎን (4 ሊትር ገደማ) ሂሳብ የሳምንት ውሃ፣ የእጅ ባትሪ፣ በሶና ቆሎ አዘጋጅቻለሁ። የቸገረኝ መብራት ሲጠፋ ኢንሱሊኑን እንዴት አቀዝቅዤ እንደማቆየው ነው። ጎረቤታችን ጄኔሬተር በረንዳ ላይ አስነሺ ቢሉኝም፣ ከጄኔሬተሩ የሚወጣው ሽታም ቀለምም የሌለው መርዛማ ጋዝ (ካርቦን ሞኖክሳይድ) ተኝተን ሳለን ሊገድለን ስለሚችልና ጄኔሬተር ከቤት ቢያንስ 6 ሜትር መራቅ ስላለበት፣ ይህን ፈጽሞ አላደርገውም። በሚሞላ ትልቅ ባትሪ ትንሽ ማቀዝቀዣ ለቀናት ያሠራችሁ ካላችሁ፣ ምን ያህል አቅም ያለው እንደሚበቃ ብትነግሩኝ ታላቅ ውለታ ይሆንልኛል። እናቴ «ቤቴን ጥዬ አልወጣም» ስለሚሉ፣ ወላጆቻችሁን አስቀድማችሁ ለማውጣት እንዴት እንዳግባባችኋቸውም ብታካፍሉኝ እወዳለሁ።