«ለፑሽካርት ታጭተዋል» ልበል ወይስ «ተጠቁመዋል»?

ብልጭታ፦
ሰላም ለሁላችሁ። አንድ ዓረፍተ ነገር አስቸግሮኛል፣ እርዱኝ። በኢንተርኔት የምንገናኝ የፍላሽ ፊክሽን ጸሐፊዎች ነን፤ አብዛኛውን ጊዜ ከ1,000 ቃል የማይበልጥ ልቦለድ ነው የምንጽፈው። በየወሩ የአባላቱን ዜና እየሰበሰብኩ በአማርኛ እልካለሁ። የማን ሥራ የት ወጣ፣ ማን አሸነፈ፣ ማን እስከ የት ደረሰ፣ እንደዚያ ያለ ነገር። የዚህ ወር ረቂቄ እንዲህ ይላል፦

«ሁለት አባሎቻችን ለፑሽካርት ሽልማት ታጭተዋል። አንዲት አባላችን ደግሞ በባዝ የፍላሽ ፊክሽን ውድድር ረጅሙ ዝርዝር ውስጥ ገብታለች።»

ቀድሞ ያነበበው ጓደኛችን «እንኳን ደስ አላቸው፣ ሽልማቱን መቼ ነው የሚቀበሉት?» አለኝ። ያሸነፉ መስሎታል። ስለዚህ ጥያቄዬ ሁለት ነው። «ታጭተዋል» ከሆነው በላይ ይናገራል ወይ? እንግሊዝኛው «ሎንግሊስት» የሚለው፣ በመጀመሪያው ዙር የተለዩት ሥራዎች «ረጅሙ ዝርዝር»ስ ሌላ ስም የለውም? ጆሮዬን ይጎረብጠዋል።

አራት ነጥብ፦
«ታጨ» ምንም አልሆነም። እጩ ማለት ገና ያልሆነ ማለት ነው። እጩ ፕሬዚዳንት ፕሬዚዳንት አይደለም፣ እጩ ዶክተርም ዶክተር አይደለም። ጓደኛሽ ቸኩሎ አንብቦ ነው።

ሥርወ ቃል፦
ቆይ፣ መጀመሪያ ሥሩን እንየው። እኔ እጩና እጭ የአንድ ቤት ልጆች ናቸው ብዬ ነው የማምነው። እጭ ገና ክንፍ አላወጣም፤ ነገ የሚሆነው ግን ውስጡ አለ። እጩም ልክ እንደዚያ ነው። እንዲህ ካየነው «ታጭተዋል» ለብልጭታ ዓረፍተ ነገር የተሰፋ ነው፤ ገና አልበረሩም ግን ሊበርሩ ነው።

ዘቅኔ፦
ወንድሜ፣ ይህ የጆሮ መመሳሰል እንጂ ሥር አይደለም። አጨ የግእዙ ሐፀየ ነው። ሐ ወደ አ ሄደ፣ ፀ እና የ ተገናኝተው ጨ ሆኑ፤ ሕፁይ ያልነው በአማርኛ እጩ ሆነ። ትርጉሙም ከመጀመሪያው ለጋብቻ ማጨት ነው። ሉቃስ 1፥27 ላይ «ዮሴፍ ለሚባል ሰው ወደ ታጨች» የሚለውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ለምርጫና ለሽልማት የገባው በኋላ በውሰት ነው። እጭን እዚህ ውስጥ አታስገባብን።

ሥርወ ቃል፦
ሐፀየን አልክድም፣ ግን ዕፃስ? ዕጣ ማለቴ ነው። ሐዋርያት በይሁዳ ቦታ ሰው ሊተኩ ሲሉ ሁለት ሰው አቀረቡ፣ ዕጣ ጣሉ፣ ለማትያስ ወጣ። ዕጣ የሚጣልበት ሰው እጩ ቢባል ምን ያንሰዋል?

ዘቅኔ፦
ዕፃ በዐይኑ ዐ ነው፣ ሐፀየ በሐመሩ ሐ ነው። ፊደሉን ሳይለዩ ሥር መቆፈር አይቻልም። እኛ ይህን የተማርነው ተገርፈን ነው። ጥቅሱን ማንሳትህ ግን ጥሩ ነው፤ ማንም ያላየው ነገር አለበት። የሐዋርያት ሥራ 1፥23 ላይ ዮሴፍንና ማትያስን «ሁለቱን አቆሙ» ነው የሚለው። አጩ አላለም፣ ጠቆሙም አላለም። አቆሙ።

አራት ነጥብ፦
«ሁለት አባሎቻችን ለፑሽካርት ቆመዋል»? አንባቢው ወንበር ያምጡላቸው ይላል።

እርማት፦
ሥሩን ለጊዜው ተዉትና ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ ልናገር። የአንድ ትንሽ የሥነ ጽሑፍ መጽሔት አርታኢ ነኝ፣ ለፑሽካርት የምንልከውን ሥራ ከሚመርጡት አንዷ ነኝ። ፑሽካርት ከ1976 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በየዓመቱ የሚወጣ መድበል ነው። ትናንሽ መጽሔቶችና አሳታሚዎች በዓመቱ ካወጡት ውስጥ እስከ ስድስት ሥራ መርጠው ይልኩለታል። ስድስቱ ልቦለዱም ግጥሙም ወጉም ተደባልቆ ነው። እኛ የላክን ዕለት ሥራው «ኖሚኔትድ» ተባለ። ለፑሽካርት አንብበው የሚመርጡት ሰዎች ግን ገና አልገለጡትም።

አሁን ይህንን ከኦስካር ጋር አስተያዩት። ኦስካር ላይ የአካዳሚው አባላት ራሳቸው ድምፅ ሰጥተው ነው እጩዎቹን የሚለዩት። ሸላሚው ስሙን ጠርቷል፣ የቀረው ከተጠሩት አንዱን መለየት ነው። እንግሊዝኛው ሁለቱንም በአንድ ቃል ይጠራቸዋል፣ እኛም ተከትለን ሁለቱንም «ታጨ» እንላለን። የብልጭታ ጓደኛ የተሳሳተው ቸኩሎ አይመስለኝም። ቃሉ ነው ያሳሳተው።

ዘቅኔ፦
እህቴ፣ በጣም ጥሩ ቦታ ነካሽ። «ለዮሴፍ የታጨች» ስንል ዮሴፍ ያውቃል። ሳያውቅ የታጨለት ሰው የለም። ስለዚህ «ለፑሽካርት ታጨ» የምንለው ፑሽካርት ሲያውቅና እሺ ሲል ብቻ ነው። ከዚያ በፊት ያለው አልታጨም።

አራት ነጥብ፦
እዚህ ላይ አልስማማም፣ ሊቅ ብትሆንም። ታጨ ተደራጊ ግስ ነው፤ አጪው ማን እንደሆነ ቃሉ አይናገርም። አጪው መጽሔቱ ሊሆን ይችላል። ደግሞ ዛሬ የሚያነበው ሰው ሐፀየን አስታውሶ አይደለም የሚያነበው። ቃል አንዴ ከቤቱ ከወጣ የኖረበትን መንደር ቋንቋ ነው የሚናገረው። ዜና አንባቢው «ለኖቤል የሰላም ሽልማት ታጩ» ሲል ሰምተን አድገናል፣ ማንም ኖቤል እሺ ብሏል ብሎ አልተረዳም።

እርማት፦
ተረድቷል እንጂ! ችግሩ እሱ ላይ ነው። ለኖቤል ስም የሚልኩት የመጠቆም መብት ያላቸው ብዙ ሰዎች ናቸው፤ የጠቋሚውም የተጠቋሚውም ስም ለ50 ዓመት ተዘግቶበት ይቀመጣል። ሸላሚው ምንም ሳይናገር «ታጩ» ተብሎ ይዘገባል፣ ሰሚው ደግሞ ሸላሚው የተናገረ ይመስለዋል። በየሥራ ታሪኩ ላይ «የፑሽካርት እጩ» ብሎ የሚጽፈውም ጸሐፊ እንዲሁ ነው፤ መዋሸቱ አይደለም፣ ግን አንባቢው የሚሰማው ሌላ ነው።

ዘቅኔ፦
እንግዲያው «ተጠቁመዋል» ይበቃል። ጥቆማ አንድ ወገን ብቻ የሚያደርገው ነው። የሚጠቁም ጣቱን ይቀስራል፤ የተጠቆመለት ወገን ያይ ወይም አያይ እንደሆነ ቃሉ ምንም አይልም።

ሥርወ ቃል፦
ጠቋሚ ማን እንደሆነ ረሳችሁት? ጠቋሚ እኮ ሰው አሳልፎ የሚሰጥ ነው። «ጥቆማ ደርሶን» የሚለው ማን ነው? ፖሊስ። አንዲት ጸሐፊ ዓመት ሙሉ ደክማ፣ 400 ቃል ውስጥ አንድ ሙሉ ሕይወት አስገብታ፣ በመጨረሻ «ተጠቆመች» ትባል? የወንጀል ዜና ነው የሚመስለው።

አራት ነጥብ፦
በዚህ ከሥርወ ቃል ጋር ነኝ፣ ያልተለመደ ነገር ቢሆንም።

ዘቅኔ፦
ቃሉን ያጠፋው አጠቃቀሙ ነው። ለሽልማት ሲሆን «የጥቆማ ጊዜ»፣ «ጥቆማችሁን ላኩ» እየተባለ ይጻፋል፣ ማንም አይደነግጥም። «ለሽልማት» የሚለው ፊቱ እስካለ ድረስ ቃሉ ንጹሕ ነው።

ብልጭታ፦
እናንተ ስትከራከሩ እኔ አንድ ነገር ልጨምር። «ተጠቁመዋል»ን ለአንደኛዋ አሳየኋት፣ ፊቷ ቀዘቀዘ። «ታጨሁ ብዬ ለሰው ተናግሬአለሁ፣ አሁን ዝቅ ልታደርጊኝ ነው?» አለችኝ። እውነቷን ነው። እነዚህ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ያለ ክፍያ ነው የሚጽፉት። አንድ ታሪክ ደርዘን ቦታ ልከው ደርዘን ጊዜ «ለአሁኑ አልተመቸንም» የሚል መልስ ይደርሳቸዋል። ደስታቸውን ቀንሼ መጻፍ አልፈልግም፣ ያልሆነውንም ሆነ ማለት አልፈልግም።

እርማት፦
ማን ዝቅ አደረጋት! እኔ እኮ ስድስቱን ስመርጥ ያለውን አውቀዋለሁ። በዓመቱ ያወጣነውን ሁሉ እንደገና እናነበዋለን። ያወጣነው ደግሞ በሙሉ ወደነው ነው ያወጣነው። ከምትወደው ውስጥ ስድስት ለይተህ ሌላውን መተው ያማል። ለሰባተኛው ሥራ ተሟግቼ የተሸነፍኩበት ዓመት አለ፤ ጸሐፊው ይህን አያውቅም። ክብሩ ያለው እዚያ ነው፣ የመጽሔቱ አዘጋጆች መርጠዋታል። «ታጭታለች» የሚለው ክብሩን ለፑሽካርት ሰጥቶ የመረጧትን ሰዎች ይሰርዛቸዋል። ስለዚህ እኔ ብሆን እንዲህ እጽፈው ነበር፦ «እገሌ መጽሔት በዓመቱ ካወጣቸው ሥራዎች መካከል የሁለት አባሎቻችንን መርጦ ለፑሽካርት ልኳል።» ባለቤቱ ገባ፣ ግሱም ንጹሕ ሆነ።

አራት ነጥብ፦
ይህ ረዘመ። የፍላሽ ፊክሽን ሰዎች ናችሁ፣ ቃል ቆጥቡ እንጂ።

እርማት፦
ማሳጠር እውነቱን እስካልቆረጠ ድረስ ነው። ፍላሽ ጽፎ የሚያውቅ ሁሉ ይህን ያውቃል።

ዘቅኔ፦
«መርጦ»ን እቀበላለሁ። ኅሩይ ማለት ነው፣ ከታጨም ከተጠቆመም ይበልጣል። ግን መረጠ የመጨረሻ ቃል ነው፣ ከተመረጠ በኋላ ሌላ ምርጫ የለም። «መርጦ ልኳል» ስትይ «ልኳል» ባይኖር ኖሮ እቃወም ነበር።

ብልጭታ፦
በዚህ እስማማለሁ፣ ወደ ረቂቄ ገብቷል። አሁን ሁለተኛው ጥያቄዬ። ረጅሙ ዝርዝር! ዝርዝሩ መርዘሙ ምኑ ነው ክብር?

ሥርወ ቃል፦
ዝርዝር ከዘር ነው የመጣው ብዬ አስባለሁ።

ዘቅኔ፦
ተው። ዘርዘረ ራሱን የቻለ ግስ ነው።

አራት ነጥብ፦
ስፖርቱ ይህን ከፈታው ቆየ። «ማጣሪያውን አልፋለች» በሉ። ሁሉም ሰው ይገባዋል።

ዘቅኔ፦
ማጣሪያ ግሩም ነው። የግእዙ ጸረየ ነው፤ ብሩር ጽሩይ እንዲል ዳዊት። እሳት ውስጥ ገብቶ የጠራ ብር። አንድ ታሪክ በአንባቢ እጅ ሲያልፍ የሚሆነውም ይኸው ነው።

እርማት፦
ማጣሪያ የትኛው ዙር እንደሆነ አይለይም። ባዝ በዓመት ሦስት ጊዜ የሚካሄድ፣ እስከ 300 ቃል የሚቀበል ውድድር ነው። በመጀመሪያ 50 ሥራ ይለያል፣ ከዚያ 20፣ ከዚያ አሸናፊዎቹ። «ማጣሪያውን አልፋለች» ብትይ 50 ውስጥ ናት ወይስ 20 ውስጥ? በሌላ በኩል ዊግሊፍ የተባለው የኢንተርኔት መጽሔት በየዓመቱ የሚያወጣው የ50 ምርጥ እጅግ አጫጭር ልቦለዶች ዝርዝር አለ። ለዚያ ጸሐፊው ራሱ ተወዳድሮ አይገባም፣ የመጽሔቱ አዘጋጆች ናቸው በዓመቱ ከወጣው ውስጥ ፈልገው ረጅሙን ዝርዝር የሚያዘጋጁት። እዚያ «አለፈች» ማለት አይሄድም፣ ምክንያቱም ፈተና አልተቀመጠችም።

እና ብልጭታ፣ ከቃሉ በፊት ሌላ ነገር ልጠይቅሽ። የባዝ ዳኝነት አልቋል? ካላለቀ የአባልሽን ስምና የታሪኩን ርእስ አንድ ላይ እንዳታወጪ። ዳኛው ጸሐፊውን ሳያውቅ ነው የሚያነበው። በዜናሽ ምክንያት ብትታወቅ የተጎዳችው እሷ ናት።

ብልጭታ፦
ርእሱን አልጻፍኩም፣ ተመስገን። እስኪያልቅ ስሟንም አቆየዋለሁ። ሌላም ጥያቄ አለኝ። የውድድር ደንብ ስተረጉም «ያልታተመ ሥራ ብቻ» ብዬ ጽፌ ነበር። አንድ አባላችን በራሱ ብሎግ ያወጣውን ታሪክ ሊልክ ነው፤ «ወረቀት ላይ መቼ ታተመ?» ይላል።

ዘቅኔ፦
አየሽ፣ ይህ ከሁሉም የከፋ ነው። ታተመ የኀተመ ነው፣ ማኅተም ከዚያ ነው። «ዐዘቅት ኅትምት» የምንለው የተዘጋውን፣ የታሸገውን ነው። የተዘጋ የሚለው ቃል ዞሮ ለሁሉ የተከፈተ መጽሐፍ ስም ሆነ! ልጁ ወረቀትና ማኅተም ቢታየው አይፈረድበትም።

እርማት፦
አይፈረድበትም፣ ግን ይጣልበታል። ለምሳሌ ብሪድፖርት የተባለው ውድድር እስከ 250 ቃል በሚቀበልበት የፍላሽ ፊክሽን ምድብ በየትኛውም ድረ ገጽ ወይም ብሎግ ላይ የወጣ ሥራ አይቀበልም። «ያልታተመ» አትበይ። «በወረቀትም ሆነ በኢንተርኔት የትም ያልወጣ፣ በራስ ገጽም ቢሆን» በይ። አሁኑኑ ንገሪው፣ ከከፈለ በኋላ የመግቢያ ክፍያው ላይመለስለት ይችላል።

አራት ነጥብ፦
ለአባላት ብቻ ክፍት በሆነ ቡድን ውስጥ ለአስተያየት የተለጠፈስ?

እርማት፦
ብዙ መጽሔቶች በይለፍ ቃል የተዘጋ የጸሐፊዎች ቡድንን እንደ መውጣት አይቆጥሩትም፣ አንዳንዶቹ ግን ይቆጥራሉ። የእያንዳንዱን ደንብ ማንበብ ነው።

ብልጭታ፦
አሁን ደውዬ ነገርኩት፣ ሌላ ታሪክ ይልካል። ዜናው ዛሬ ማታ ይሄዳል። የፑሽካርቷ ዓረፍተ ነገር በእርማት መንገድ ተጽፋለች። ባዝን «ከተለዩት 50 ሥራዎች አንዱ የአባላችን ነው» ብዬዋለሁ። ለ«ረጅሙ ዝርዝር» አንድ ቃል ያለው ግን አሁንም ይጻፍልኝ።

ሥርወ ቃል፦
ዘርዘረ ላይ አልጨረስኩም። ዘቅኔ፣ ራሱን የቻለ ግስ ነው ስትል በየትኛው መዝገብ?

ዘቅኔ፦
በውስጥ መስመር ና፣ እዚህ ሰው እናሰለቻለን።

አራት ነጥብ፦
እዚሁ ይሁን፣ እኛም እንስማ።