ለአየር ውጊያ ጨዋታችን ቀለል ያለ የከፍታ ደንብ ያለው?

ጥያቄ

ሰላም ለሁላችሁ። ከጓደኞቼ ጋር የአንደኛውን የዓለም ጦርነት የአየር ውጊያ በትንንሽ አውሮፕላኖች ጠረጴዛ ላይ እንጫወታለን። ጨዋታው ዊንግስ ኦፍ ግሎሪ ነው። ለማታውቁት፣ በየዙሩ ሁሉም ሰው 3 የእንቅስቃሴ ካርድ በድብቅ ይመርጥና አንድ በአንድ እኩል እንገልጣለን። ይሄ ክፍሉ በጣም ደስ ይላል። ችግሩ የሚመጣው ከተጠጋጋን በኋላ ነው፤ ሁሉም የሌላውን ጅራት ለመያዝ ይዞራል፣ ይዞራል፣ በቃ እዚያው አዙሪት ውስጥ እንቀራለን። ሰማይ ላይ ያለን አይመስልም። በአማራጭ የተቀመጠውን የከፍታ ደንብ ሞክረነው ነበር፤ ግን ከፍታን ለማሳየት አውሮፕላኑ የሚቆምበትን ማቆሚያ እየቀጠሉ ማስረዘምና ወደ ላይ ለመውጣት የሚጠራቀመውን ምልክት መቁጠር ጨዋታውን አጓተተብን። የራሳችሁን ደንብ ያወጣችሁ እስቲ አካፍሉን። ወረቀት ላይ የሚመዘገብ ነገር ባይኖረው ደስ ይለኛል።

መልስ 1

ማቆሚያውን ተዉትና ከእያንዳንዱ አውሮፕላን አጠገብ አንድ ዳይስ አስቀምጡ። ከላይ የሚታየው ቁጥር ከፍታው ነው። ሁሉም 3 ላይ ይጀምራል። መውጣት የፈለገ ቀጥታ ካርድ መጣል አለበት፤ ካርዱ ሲገለጥ ዳይሱን በ1 ከፍ ያደርጋል፣ በዚያ ካርድ ግን አይተኩስም። መውረድ የፈለገ በአንድ ካርድ 1 ወይም 2 ይወርዳል፣ ለወረደው ለእያንዳንዱ 3 ሴንቲ ሜትር ተጨማሪ ወደፊት ይሄዳል። እኩል ከፍታ ላይ ያሉ እንደተለመደው ይታኮሳሉ፤ የ1 ልዩነት ካለ የሚተኮሰው የተኩስ ርቀት ከሚለካበት ማስመሪያ ግማሽ በቅርብ ርቀት ብቻ ነው፣ ከ1 ከበለጠ የለም።

ዋናው ነገር ከፍታ እንደ ተቀማጭ ገንዘብ መሆኑ ነው፣ ስትፈልግ ወደ ፍጥነት ትመነዝረዋለህ። እኔ 5 ላይ ነኝ፣ አንተ 3 ላይ ነህ እንበል። 2 ወርጄ እደርስብሃለሁ፣ እተኩሳለሁ፣ አልፌህ እሄዳለሁ። አንተ እስክትዞር እኔ የለሁም። ግን አሁን እኩል ሆነናል፣ መልሼ ለመውጣት ቀጥ ብዬ መብረር አለብኝ፣ ያኔ ደግሞ ጓደኛህ ያገኘኛል። አዙሪቱን የሚሰብረው ይሄ ነው።

መልስ 2

የዳይሱ ሐሳብ ተመችቶኛል። አንድ ነገር ልጨምር፤ ከፍታ ከገባ በኋላ አውሮፕላኖቹን በጠባያቸው መለየት ይቻላል፣ ለእያንዳንዱ ግን ከአንድ ጠባይ አትለፉ። ሶፕዊዝ ካሜልን ውሰዱ። ሞተሩ ራሱ ከፕሮፔለሩ ጋር አብሮ የሚሽከረከር ስለነበር በቀኝ ሲዞር አፍንጫው ይዘቀዘቃል፣ በግራ ሲዞር ቀና ይላል። ስለዚህ 2 የቀኝ መዞሪያ በተከታታይ የጣለ ካሜል ከፍታው በ1 ይቀንስ። አልባትሮስ ዲ3 ደግሞ የታችኛው ክንፉ ቀጭን ነበር፣ በኃይል ቁልቁል ሲወረወር ይጣመምና ይሰበር ነበር፤ በአንድ ካርድ 2 ከወረደ አንድ የጉዳት ካርድ ይሳብ። ስፓድ 13 ግን ለመወርወር የተሠራ ነው፣ 3 ይውረድ፣ ምንም አይሆንም። ፎከር ባለሦስት ክንፉ በፍጥነት ይበለጣል፣ ለመውጣት ግን ጎበዝ ነው፤ ሲወጣ መተኮስ ይፈቀድለት። ይሄን ያህል በቂ ነው። ማስታወስ የሚያቅት ደንብ ማንም አይጫወትበትም።

መልስ 3

ከፍታው ጥሩ ነው፣ ግን የምትዞሩበት ትልቁ ምክንያት ሌላ ይመስለኛል። ከመገዳደል በቀር ሥራ የላችሁም! በዚያ ጦርነት ተዋጊ አውሮፕላን የተፈለገው በዋናነት የጠላትን ቃኚ ለማባረርና የራስን ለመጠበቅ ነበር። አንድ ባለሁለት ወንበር ቃኚ አስገቡ። ጠረጴዛውን ያቋርጣል፣ መሃል ላይ ፎቶ ለማንሳት 2 ቀጥታ ካርድ አከታትሎ ይጥላል፣ ከዚያ በመጣበት ይመለሳል። ከተመለሰ የሱ ወገን አሸነፈ። ያኔ ጅራት ለጅራት የሚዞር ሰው ጊዜውን ይበላል፣ ቃኚው ያመልጠዋል። እኔ ብሆን በዚህ ጀምሬ ዳይሱን በሚቀጥለው ጨዋታ እጨምር ነበር። ሁለቱን አንድ ላይ ካስገባችሁ ጨዋታውን የቀየረው የትኛው እንደሆነ አታውቁም።

ጠያቂው

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ በጣም ነው የረዳችሁኝ። ቃኚውን ቅዳሜ እንሞክራለን፣ ዳይሱ ቀጥሎ። አንድ ነገር ብቻ፤ ሁለት አውሮፕላን በተለያየ ከፍታ አንድ ቦታ ላይ ሲገናኙስ? ሞዴሎቹ እኮ አንዱ ባንዱ ላይ አይቆሙም።

መልስ 1

የበታቹን አንሱና በቦታው የራሱን አንድ ካርድ በጀርባው አስቀምጡ፣ ዳይሱ እላዩ ላይ ይሁን። የካርዱ የፊት ጠርዝ አውሮፕላኑ ወደሚያይበት አቅጣጫ ይዙር። ሲለያዩ ሞዴሉ ይመለሳል። እኩል ከፍታ ላይ ከሆኑ ግን ተጋጭተዋል ማለት ነው፣ ሁለቱም አንድ አንድ የጉዳት ካርድ ይሳቡ።