የታተመበትን የጸሎት ልብስ፣ ናማቫሊን፣ እንዴት ልጠበው?

ጥያቄ፦ ሕንድ፣ ኮልካታ ከተማ የምማር ተማሪ ነኝ። ቤት ያከራዩኝ እናት ለዝማሬ ወደ ሂንዱ ቤተ መቅደስ ሲወስዱኝ ናማቫሊ የሚባለውን ስስ የጥጥ ልብስ ሰጡኝ። መደቡ ቢጫ ሆኖ፣ ከዳር እስከ ዳር ክሪሽናና ራማ የሚባሉትን የአምላክ ስሞች የሚጠራው «ሀሬ ክሪሽና፣ ሀሬ ራማ» የሚለው ጸሎት በቤንጋሊ ፊደል በቀይ ታትሞበታል። በላብ ሲርስ ቀዩ ቀለም ነጭ ሸሚዜን አቀላው። ቀለሙን ሳላበላሽ እንዴት ልጠበው? ሲያረጅስ የትራስ ልብስ ባደርገው ነውር ይሆን?

መልስ 1፦ እህቴ፣ የትራስ ልብስ አታድርጊው። ናማቫሊ ማለት የስሞች ረድፍ ማለት ነው፤ ኮልካታ ባለችበት በቤንጋል ምድር የሂንዱውን መምህር የቻይታንያን (1486–1534 እ.ኤ.አ.) ትምህርት የሚከተሉ ምእመናን ደግሞ የአምላክ ስም ከአምላኩ አይለይም ብለው ስለሚያምኑ፣ ልብሱን በትከሻቸው ላይ ይደርቡታል እንጂ አያሸርጡትም፣ አይቀመጡበትም፣ መጸዳጃ ቤትም ይዘውት አይገቡም። ሲያረጅ ምን እንደሚደረግ የሰጡሽን እናት ጠይቂያቸው፤ መጠየቅሽ ራሱ ደስ ያሰኛቸዋል።

መልስ 2፦ ሙያዬ ጨርቅ ማቅለም ነው። ከኅትመት በኋላ ትርፉ ቀለም በሚገባ ካልታጠበ ይለቃል። መጀመሪያ እርጥብ ነጭ ጨርቅ በፊደሉ ላይ ተጫኚበት፤ ቀይ ከያዘ ልብሱን ለብቻው፣ በቀዝቃዛ ውኃና በለስላሳ ሳሙና፣ ሳትዘፈዝፊው ቶሎ እጠቢና ውኃው እስኪጠራ ድረስ ደጋግመሽ አለቅልቂው። በረኪና በፍጹም አታስነኪው። ብዙ ሰው ጨው ወይም ኮምጣጤ ቀለም ያስይዛል ይላል፤ ለታተመ ጥጥ ግን አስተማማኝ አይደለም። ከሁሉ በላይ እርጥቡን አጣጥፈሽ አታስቀምጪው፤ ቀዩ ፊደል በቢጫው ላይ ተገልብጦ ይታተምና አይለቅም። በፎጣ ጠቅልለሽ ውኃውን ካስመጠጥሽ በኋላ ጥላ ላይ ዘርግተሽ አድርቂው።

መልስ 3፦ ከውስጥ ልብስና ከካልሲ ጋር በአንድ ሳፋ አለማጠብሽንም ያከብሩልሻል። የስሙ ክብር እስከ ምን ድረስ እንደሚሄድ ለማየት በሕንድ ቻቲስጋር ግዛት ያሉትን ራምናሚ የሚባሉ ምእመናን ማንሳት ይበቃል፦ በዝቅተኛ ዘርነት ተቆጥረው ከቤተ መቅደስ የተገለሉት እነዚህ ሰዎች «ራም» (ራማ) የሚለውን ስም በነጭ ጨርቅ ላይ በጥቁር ጽፈው ከመልበስ አልፈው በገላቸው ላይ ተነቅሰውታል።

ጠያቂዋ፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዛሬ ጠዋት አጠብኩት፤ ውኃው በአራተኛው ጠራ። እናቲቱም ያረጀውን ወንዝ ውስጥ እንደሚያኖሩት ነገሩኝ፤ አሁን በረንዳው ጥላ ላይ ተዘርግቷል።