አስቸኳይ፦ የአባቴ የግላኮማ ጠብታ አልሠራም፣ ላስቁማቸው?

የአባቷ ልጅ፦ እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። አባቴ ግላኮማ ነው ተብለው ጠብታ ከታዘዘላቸው ሦስት ሳምንት ሆናቸው። ጠዋትና ማታ የማደርግላቸው እኔ ነኝ። ዓይናቸው ግን ቅንጣት አልተሻለውም። በጎን የሚመጣ ሰው አሁንም አይታያቸውም፤ ትናንት የበሩን መቃን በትከሻቸው ገጩት። ዛሬ «ከእንግዲህ አላደርግም» ብለው ብልቃጡን ደበቁብኝ። የማታው ሰዓት እየደረሰ ነው። የሚያበራ ሌላ ጠብታ የለም? ወይስ ኦፕራሲዮን ይሻላል?

አንባቢው፦ እህቴ፣ መጀመሪያ በሽታውን እንረዳው። ዓይን ውስጥ ያለማቋረጥ የሚመነጭና የሚወጣ ጥርት ያለ ፈሳሽ አለ። መውጫው ሲታወክ ግፊቱ ይጨምራል። የተለመደው ልክ ከ10 እስከ 21 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ነው። ግፊቱ ያዩትን ወደ አንጎል የሚያደርሰውን ነርቭ እያደር ይጎዳዋል፤ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚጠፋው የዳር የዳሩ እይታ ነው። 21 ሳይደርስም ነርቩ የሚጎዳበት ሰው አለ። እዚህ ላይ ብዙ ማለት ይቻላል...

ጠብታ በጠብታ፦ ጠብታው ከገባ በኋላ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ በአፍንጫ በኩል ያለውን የዓይን ጥግ በጣት ጫን አድርገው ሁለት ደቂቃ ይቆዩ። አንድ ጠብታ ይበቃል፤ ሁለተኛው ጉንጭ ላይ ነው የሚፈሰው።

ሞጋች፦ እኔ ጥያቄውን ራሱን አልቀበለውም። ጠብታው እንዲያበራ አልታዘዘም! የሞተ ነርቭ አይመለስም። ሌዘሩም ኦፕራሲዮኑም ግፊቱን አውርዶ የቀረውን እይታ ለማትረፍ ነው። ከዓይን ሞራ ጋር አታምታቺው፤ ሞራ ሲነሣ ሰው መልሶ ያያል። ጠብታው መሥራቱ የሚታወቀው ግፊቱ ሲለካ ነው።

የአባቷ ልጅ፦ ይህን ማንም አልነገረንም። እሺ፣ እለምናቸዋለሁ። እሳቸው ግን ጠብታው ነው ያሳመመኝ ይላሉ። ከጀመሩ ወዲህ ሌሊት ያስላቸዋል፣ ደረታቸው ሲር ሲር ይላል። አስም ድሮም ስላለባቸው ያው እሱ ነው ብለን ትተነው ነበር።

የማታ ተረኛ፦ ቆይ! የጠብታው ስም ምንድን ነው? እኔ ነርስ ነኝ።

የአባቷ ልጅ፦ አገኘሁት፣ ትራሳቸው ሥር ነበር። ቲሞሎል ይላል፣ ክዳኑ ቢጫ ነው።

የማታ ተረኛ፦ የዛሬ ማታውን አታድርጊላቸው። ቲሞሎል በእንባ ቱቦ ወደ አፍንጫ ወርዶ ደም ውስጥ ይገባል። አስም ያለበትን ሰው የአየር ቧንቧ ያጠባል፣ የልብ ምትንም ያዘገያል። አሁኑኑ ላዘዘው ሐኪም ደውይና አስሙን ንገሪው። ትንፋሽ ካጠራቸው ስልክ አትጠብቂ፣ ድንገተኛ ክፍል ውሰጃቸው። ያለ መድኃኒት ግን አይቀመጡ። ማታ አንዴ ብቻ የሚደረግ ላታኖፕሮስት የሚባል አለ፣ ሌሎችም አሉ፤ የሚስማማቸውን ሐኪሙ ይምረጥ።

ጠብታ በጠብታ፦ እኔም ያልኩት ይህንኑ ነው፤ የዓይኑን ጥግ ጫን ማድረግ።

የማታ ተረኛ፦ መጫኑ ወደ ደም የሚገባውን ይቀንሳል እንጂ ለአስም ዋስትና አይሆንም።

ኩል፦ አባባ ብልቃጡን ሲደብቁ ከሁላችንም ቀድመው ገብቷቸዋል ማለት ነው! እናቴ ላታኖፕሮስት ከጀመረች ወዲህ ሽፋሽፍቷ ረዝሞ የልጅ ልጆቿ «ተኳልሽ እንዴ?» እያሉ ያስቋታል። እህቴ፣ አንቺም ወንድሞችሽም ተመርመሩ፤ ግላኮማ በቤተሰብ ይሄዳል።

የማታ ተረኛ፦ የአባቷ ልጅ፣ ደወልሽ? ትንፋሻቸው እንዴት ነው?