ወሎ ላይ ሆኖ ሃይድሮሊክስ ማስተርስ፦ የቱ ግቢ፣ የቱ ወንዝ፣ የቱ ዳታ?

ጠያቂ፣ ከደሴ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ሥራ ሳልለቅ በሃይድሮሊክስ ወይም በውሃ ሀብት ምህንድስና ሁለተኛ ዲግሪ ልጀምር አስቤያለሁ። ከኮምቦልቻ፣ ከባሕር ዳርና ከአርባ ምንጭ የቱን ትመክሩኛላችሁ? ቴሲሱን (የመመረቂያ ጥናቱን) ቦርከና ወንዝ ላይ ብሠራስ?

ከኮምቦልቻ፦ አብሽሪ እህቴ። ሥራ ካልለቀቅሽ መጀመሪያ የወሎ ዩኒቨርሲቲን የኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት እዪ፤ ከደሴ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ወንዙም እዚያው ነው። ሬጅስትራሩን ግን አስቀድመሽ ጠይቂ፦ የምትፈልጊው ፕሮግራም ዘንድሮ ይከፈታል ወይ? የቅዳሜና እሑድ ትምህርትስ አለው? ተመዝጋቢ ካልሞላ ክፍል ሊታጠፍ ይችላል። ብሔራዊውን የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተናም ቶሎ ተፈተኚ። አርባ ምንጭ በ1986 እ.ኤ.አ. የውሃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሆኖ የተጀመረ ግቢ ነው፤ ሙሉ ጊዜሽን መስጠት ከቻልሽ እሱን የሚያክል የለም። ባሕር ዳር የዓባይ ተፋሰስ ላይ ለሚሠራ ይመቻል፤ የዓባይን ገባር በሽሎን ብትመርጪ እሱን እል ነበር። ቦርከና ግን የአዋሽ ገባር ነው።

ከከሚሴ፦ ከግቢው በላይ የሚያስጨንቀው ዳታው ነው። የዝናቡን ኮምቦልቻ ካለው የሜትሮሎጂ ማዕከል፣ የወንዝ ፍሰቱን አዲስ አበባ ከውሃና ኢነርጂ ሚኒስቴር ነው የምትጠይቂው። ከትምህርት ክፍልሽ የትብብር ደብዳቤ ያዢ፤ የጣቢያዎቹ ስም፣ ዓመታቱና የምትፈልጊው ዓይነት (ዕለታዊ ዝናብ፣ ሙቀት፣ ነፋስ፣ እርጥበት፣ ፀሐይ) ደብዳቤው ላይ ይጻፍ። አብዛኞቹ ትናንሽ ጣቢያዎች ዝናብ ብቻ ነው የሚመዘግቡት፤ አምስቱንም የምታገኚው እንደ ኮምቦልቻ ካለ ትልቅ ጣቢያ ነው።

ዳታው እጅሽ ሲገባ ሦስት ነገር ፈትሺ። የመጀመሪያው ባዶ ሕዋስ ነው፤ ባዶ ማለት 0 ማለት አይደለም። ስዋት (ከዝናብና ከመሬቱ ተነስቶ የወንዝ ፍሰት የሚያሰላው ሞዴል) ላይ -99 ብለሽ አስገቢው፣ 0 ካደረግሽው ክረምቱን ድርቅ ታደርጊዋለሽ። ሁለተኛው የንባብ ሰዓት ነው። ዝናብ የሚለካው ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ነው፤ የእኛ የክረምት ዝናብ ደግሞ በብዛት ከሰዓት በኋላና ማታ ይጥላል። ስለዚህ በ15ኛው ቀን የተጻፈው 40 ሚሊ ሜትር የ14ኛው ቀን ዝናብ ሊሆን ይችላል። ሞዴሉ ጎርፉን አንድ ቀን አዘግይቶ ካሳየሽ ፓራሜትር አትነካኪ፤ አምስት ስድስት ትልልቅ ዝናቦችን ከፍሰቱ ጎን አስቀምጠሽ ቀኑን አስተያዪ። ሦስተኛው ስታፍ ጌጁ፣ ማለትም ወንዙ ውስጥ የቆመው የውሃ ከፍታ መለኪያ ነው። የሚነበበው በቀን ሁለቴ፣ ጠዋትና ማታ 12 ሰዓት ላይ ነው። ከደሴ ተራሮች የወረደ ጎርፍ በመሃል መጥቶ ሊያልፍ ይችላል፣ መዝገቡም አያውቀውም። በዚያ ዳታ የ100 ዓመት ጎርፍ (በየዓመቱ የመከሰት ዕድሉ ከመቶ አንድ የሆነ) አስልቶ ድልድይ መንደፍ አደገኛ ነው፤ የጎርፉን ምልክት ከድልድይ ምሰሶና ከግድግዳ ላይ ለክተሽ አመሳክሪ። ደለል አልጋውን ሲያነሳው የውሃውን ከፍታ ወደ ፍሰት የሚቀይረው አሮጌው ሬቲንግ ከርቭም ይስታል፤ ስለዚህ ፍሰት በቀጥታ የተለካባቸውን ቀኖች ዝርዝር አብረሽ ጠይቂ።

ከወልድያ፦ ሶፍትዌር ላይ ገንዘብ አታውጪ። የካርታ ሶፍትዌሩ ኪውጂአይኤስ ከነስዋት ማያያዣው ነፃ ነው፣ የጎርፍ ሞዴሎቹ ሄክ-ኤችኤምኤስና ሄክ-ራስም እንዲሁ። ለወርሃዊ ፍሰትና ደለል ስዋት፣ ለአንድ ጎርፍ ሄክ-ኤችኤምኤስ፣ ጨፋ ሜዳ ላይ ውሃው የት እንደሚተኛ ለማየት ሄክ-ራስ። የ12.5 ሜትሩ የአሎስ ዲኢኤም (ከሳተላይት የሚወርድ የመሬት ከፍታ ካርታ) ከ30 ሜትሩ ይሻላል የሚሉሽን አትስሚ፤ ያው የ30 ሜትሩ ተከፋፍሎ የተሠራ ነው። ከፍታውም ከባሕር ወለል ሳይሆን ከኤሊፕሶይድ (ከምድር ሒሳባዊ ቅርጽ) ስለሚነሳ ከቀያሽ ቤንችማርክ (ከፍታው ከታወቀ ምልክት) ጋር አይገጥምም። የቦርከና አልጋ በብዙ ቦታ አንድ ፒክስል ውስጥ ይዋጣል፤ ስለዚህ ክሮስ ሴክሽኑን (የወንዙን አግድም ቅርጽ) በቶታል ስቴሽን፣ በቀያሽ መሣሪያ፣ አስለኪ፣ ድልድይ ካለ ከላይም ከታችም።

የከርሰ ምድር ውሃ ከሳበሽ የቆቦ ጊራናን ሸለቆ እዪ። የከርሰ ምድር ውሃ ሞዴሉ ሞድፍሎውም ነፃ ነው።

ጠያቂ፦ እግዜር ይስጥልኝ። የሐይቅ ሐይቅስ?

ከከሚሴ፦ ከሐይቁ የሚወጣ ወንዝ የለም፤ ካሊብሬሽኑ (ሞዴሉን ከተለካው ጋር ማስተካከሉ) በሐይቁ የከፍታ ንባብ ነው የሚሆነው። ንባቡ ስንት ዓመት እንደሚሸፍን ሳታዪ ፕሮፖዛል አታስፈርሚ።